ኦርቪል ክራይዘር እና የ1792ቷ የመዳብ ሳንቲም

አቶ ኦርቪል ክራይዘር ከአባታቸው ከአቶ ኤልመር ክራይዘርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሚኒ ሆክ ማርች 9 ቀን 1938 በፔንሲልቫኒያ፣ ሬዲንግ ከተማ ተወለዱ። እዚያው ተምረው በ1957 ፖስታ ቤት ተቀጠሩ፤ ደብዳቤ ሲለዩ ሠላሳ ስምንት ዓመት አገለገሉ። በ1964 ወይዘሮ ዶሮቲን አግብተው ጁን የምትባል ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው በ2009 ሲያርፉ፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እኅታቸው ቬርና አብራቸው መኖር ጀመረች።

ሳንቲም መሰብሰብ የጀመሩት በልጅነታቸው ነው። አብልጠው የሚፈልጉት ግን መንግሥት ገንዘብ ማተም ሲጀምር ለሙከራ ብቻ ካተማቸው የ1792 የመዳብ ሳንቲሞች አንዷን ነበር። እውነቱን ለመናገር ቤተሰቡን ያሰለቸ ፍለጋ ነው፤ የሠርጋቸው ዕለት እንኳ ጨረታ ላይ ቆይተው ሙሽራዋን አስጠብቀዋል። ለሃያ ሁለት ዓመት በመሩት የሰብሳቢዎች ማኅበር አዲስ አባል በገባ ቁጥር፣ "ሳንቲም አይታጠብም፤ ቡናማው ቆዳው ዕድሜው ነው" ይሉ ነበር። ለእኛ ግን አትንኩ ከማለት በቀር ምክንያቱን ነግረውን አያውቁም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በ2013 ከአንድ ገበሬ ቤት ጨረታ በገዙት የልብስ ቁልፍ ጣሳ ውስጥ ሳንቲሟን አገኙ። አዋቂዎች መርምረው እውነተኛ ናት ሲሏቸው አለቀሱ። በዚያው ዓመት ለሐሞት ጠጠር ሆስፒታል ሲተኙ፣ እኅታቸው ልታስደስታቸው ብላ ሳንቲሟን እስክታብረቀርቅ ድረስ በኮምጣጤና በጨው ፈተገቻት። ሲመለሱ በሳህን አቀረበችላቸው።

ሳንቲሟን አንስተው አገላብጠው አዩና፣ "ጎበዝ ቬርና፤ አሁን ፊቷ በደንብ ታየ" አሏት። ምሳቸውን ሳይበሉ ተኙ።

ከወር በኋላ በማኅበሩ ትርኢት ላይ አባላቱ ማን እንዳጠባት ሲጠይቁ፣ "እኔ" አሉ። ከሊቀ መንበርነት ወረዱ፤ ለእኅታቸው የነገሯት ግን ደክሞኝ ተውኩት ብለው ነው። በገና እራት ላይ አባላቱ "አጣቢው" እያሉ ሲቀልዱባቸው እርሷም ነገሩ ሳይገባት አብራ ሳቀች።

በልብ ሕመም ሲሰቃዩ ቆይተው ኦክቶበር 21 ቀን 2024 በ86 ዓመታቸው አርፈዋል። ጁንን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና እኔን ትተዋል።

ሰብሳቢ የሳንቲሙን ጉድለት በማስቀመጫ ፖስታው ላይ ይጽፋል። ትናንት ፖስታውን ሳየው፣ በእጃቸው "ታጥባ ተበላሽታለች። ያጠብኳት እኔ ነኝ" ይላል። ኦርቪል፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትቆጣኝ? ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ማዕድ በልተናል።

የማኅበሩ አባላት ሆይ፣ ያጠብኳት እኔ ነኝ። ፖስታውንም አርሜዋለሁ።

እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ በሰላም ይቀበል፤ ፖስታው ላይ የጻፈውን ውሸትም አይቁጠርበት።