ስለ ድምፅ ማጉያዎና ስለ ማጭዴ

ለተከበሩ የሶልጎል መንደር ሹም፣ ለአቶ ፒዮ ቹንግሶክ
በመንደሩ አዳራሽ ማስታወቂያ ሰሌዳ በኩል

ሜጁ የምናደርቅበት የላስቲክ ቤታችን የመጀመሪያው የብረት ቅስት ከበረዶው ክብደት ሲጥ ብሎ የጎበጠው፣ እርስዎ በድምፅ ማጉያው «ከወረዳ ሰው መጥቶ ፎቶ እስኪያነሳ ድረስ ማንም ሰው ምንም ነገር እንዳይነካ» ብለው ማይክሮፎኑን በጣትዎ ኳ ኳ ባደረጉበት ቅጽበት ስለነበር፣ የከበረ ጤንነትዎን ሳልጠይቅ እስከ ዛሬ ዘግይቻለሁና በቅድሚያ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ጉሮሮዎ እንደምን ከርሟል? የባለቤትዎ ወገብስ? የቤትዎን ጣሪያ ደኅንነት ግን አልጠይቅም፤ ያን ማለዳ ማስታወቂያው ከመነገሩ ቀደም ብሎ ወንድ ልጅዎ ላዩ ላይ ወጥቶ በረዶውን ሙልጭ አድርጎ ሲጠርገው ከግቢያችን ሆኜ አይቼዋለሁ፤ እንኳን ደኅና ሆነ።

እኔ ቦንግ የሪም ነኝ፤ ከድልድዩ በላይ ባለው ቤት ከእናቴ ጋር የአኩሪ አተር ድልህ የምሠራው። ይህን የምገልጸው ለወረዳው ሠራተኛ ሲያስተዋውቁኝ «ይቺ ልጅ» ስላሉኝ፣ ምናልባት ስሜ ጠፍቶብዎት ከሆነ ብዬ ነው። በስብሰባ ላይ ሁልጊዜ «ነጥብ በነጥብ ተናገሩ» ስለሚሉንም፣ አቤቱታዬን በትእዛዝዎ መሠረት በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ታዛዥነታችን።

የዚያን ዕለት በረዶ እንደ ጥጥ የሚበተነው ዓይነት አልነበረም፤ ውሃ እንደ ጠጣ ብርድ ልብስ የሚጫነው ነበር። እንዲህ ያለው በረዶ በላስቲክ ቤት ላይ ሲቆለል ምን እንደሚደረግ በሶልጎል የማያውቅ ሰው የለም። ላስቲኩ ይቀደዳል፣ በረዶው ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ ብረቱ ይተርፋል። ላስቲክ በአንድ ቀን ይተካል፤ የታጠፈ ብረት ግን ከቁራሌው በቀር ለማንም አይሆንም። ሁላችንም ማጭድና ቢላችንን ይዘን የወጣነው ለዚሁ ነበር። ከዚያ እርስዎ ተናገሩ፤ መንደሩም ባለበት ቆመ።

ያን ትዕይንት እርስዎ ከሞቀ ክፍልዎ ሆነው ሳያዩት መቅረትዎ ያሳዝነኛል። ከድልድዩ ጀምሮ እስከ ላይ፣ ሰው ሁሉ በየራሱ የላስቲክ ጎተራና በረት ፊት ስለት ይዞ፣ ባርኔጣው ላይ በረዶ እየተከመረበት፣ ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ድምፅ ማጉያ አንጋጦ ያይ ነበር። ለዓመታት ስለ ቆሻሻ መጣያ ቀን፣ ስለ ትል መድኃኒትና ስለ ጠፋ ውሻ የነገረን ድምፅ ስለሆነ፣ ስለ ጣሪያም የሚያውቀው ነገር ይኖራል ብለን ነው። እናቴ እጅጌዬን ይዛ «ቆዪ እንጂ፣ ሹሙ አትንኩ ብለው የለ?» አለችኝ። እኔም በትሕትና፣ ሹሙ ከጣሪያው ሥር እንዳልተሰቀሉ፣ የተሰቀለው ሜጁው እንደሆነ አስታወስኳት።

ያ ሜጁ ደግሞ ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። በመኸር ቀቅለን፣ ወቅጠን፣ እንደ ጡብ ቀርጸን፣ በጭድ ገመድ ያንጠለጠልነው የዓመቱ አኩሪ አተራችን በሙሉ ነው። እርሱ ከበሰበሰ የዓመቱ ድልህ የለም። ድልህ ከሌለ እናቴ ጋኖቿን ገልብጣ ትዘጋለች፣ እኔም የተውኩትን የከተማ ሥራ ልለምን እመለሳለሁ። ስለዚህ ሁለተኛው ቅስት ሲጎብጥ ላስቲኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀደድኩት። በረዶው መሐል መተላለፊያው ላይ ዘጭ አለ፤ ብረቱም ጀርባው ላይ የነበረ ሰው እንደ ወረደለት አህያ ቀና አለ። ወዲያው ከበስተኋላዬ የጎረቤታችን የአጎት ቶክሱ የትራክተር መጠለያ ከነላስቲኩ ዝርግፍ ሲል ሰማሁ። እርሳቸው እስከ መጨረሻው ታዘዋል።

ሁለተኛ፤ ስለ ምስክርነትዎ።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተጠርጎ የወረዳው ሠራተኛ ካሜራውን ይዞ ሲደርስ፣ እርስዎም ጃንጥላ ይዘውለት አብረው ዞሩ፤ ደግ አደረጉ። የፈረሰው ሁሉ ፎቶ ተነሣ፣ ተመዘገበም። እኛ ጋ ሲደርስ ሠራተኛው ግራ ገባው። ብረቱ ቆሟል፣ ላስቲኩ ግን በስለት ተቀዷል፤ ይህን የበረዶ ጉዳት ለማለት እንደሚቸገር በጨዋነት ነገረኝና ወደ እርስዎ ዞረ። በዚያች ሰዓት ከእርስዎ የሚፈለገው አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ነበረች። እርስዎ ግን ፈገግ ብለው፣

«ይቺ ልጅ ራሷ ናት የቀደደችው። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች ችኩል ናቸው» አሉ።

አልዋሹም፤ ይህንንም በአደባባይ እመሰክርልዎታለሁ። ላስቲኩን የቀደድኩት እኔ ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲም ገብቻለሁ። የቀረችው ትንሽ ነገር በረዶው ብቻ ነበር። እርስዎ በረዶውን ከታሪኩ ስላወጡት፣ እኔ አንድ ማለዳ ተነሥታ ያለ ምንም ምክንያት የገዛ ጣሪያዋን በማጭድ የምትሸረክት ሴት ሆኜ ቀረሁ። የጉዳት ምዝገባው ሲያልቅ ለእርዳታ የተላኩ ወታደሮች መጥተው የተመዘገቡትን ፍርስራሽ አነሡ፣ አዲስ ሸራም ታደለ፤ የእኛ ቤት ግን ቆሞ ስለተገኘ እንዳልተጎዳ ተቆጠረ። ተኝቶ ቢገኝ ኖሮ ይታዘንለት ነበር።

አጎት ቶክሱ በመመዝገባቸው ቅር የሚለኝ እንዳይመስልዎት፤ የሚገባቸው ነው። እንዲያውም ከተሰጣቸው ሸራ ቁራጭ ተርፏቸው ሲያመጡልን፣ አንገታቸውን ደፍተው «ማጭድሽን ሳይ የኔም እጅ ተነሥቶ ነበር፤ ግን ያ ምሰሶው ላይ ያለው ጉድ የሚያየኝ መሰለኝ» አሉኝ። እናቴ ሳቀች፤ እርሳቸውም ሳቁ። ቁራጯ የጣሪያውን ሩብ እንኳ አልሸፈነችም።

ሦስተኛ፤ ስለ አፍንጫዎ።

ጣሪያ የሌለው ሜጁ በአያቶቻችን አቆጣጠር እስከ ፈረስ ቀን፣ ማለትም በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ጋን እስከሚገባበት ዕለት ድረስ፣ ደረቅና ሞቅ ያለ ክፍል ስለሚያስፈልገው፣ ወለሉ ከሥር የሚሞቀውን የአዳራሹን የጓዳ ክፍል ለጥቂት ጊዜ እንዲፈቅዱልን ለመንኩዎት። ክፍሉ ባዶ ነበር። እርስዎም አዳራሹ የሁሉም መሆኑን፣ ሽታውን ደግሞ ሁሉም ሊችለው እንደማይገባ አስረዱኝ። አነጋገርዎ ግሩም ነበር። ይሁንና በአዳራሹ ምሳ ላይ የሚቀርብልዎት፣ ሁልጊዜም አንድ ጎድጓዳ ሳህን የማይበቃዎት ሾርባ ከየት እንደሚመጣ የነገረዎት ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ተረዳሁ። ከእኛ ጋን ነው የሚመጣው፣ ክቡርነትዎ። የሸተተዎት ልጅነቱ ነው፤ የሚያጣጥሙት ደግሞ ሽበቱን።

አራተኛም ነጥብ ነበረኝ፤ በረዶው ስለ ገነጠለው የመኖሪያ ቤታችን ክፈፍ። እርሱን ግን ፎቶ ሳይነሣ ራሴ በሚስማር መትቼዋለሁ፤ ችኩል አይደለሁ?

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ። ሜጁውን ከአዳራሹ ስለከለከሉልን ከልብ አመሰግናለሁ፤ እርስዎ ባይከለክሉን ኖሮ ጎረቤቶቼን ባላወቅኋቸው ነበር። ያን ዕለት እኔን ሲመልሱኝ በአዳራሹ ወለል ላይ ካርታ ይጫወቱ የነበሩትን እማማ ሱንቦክን ያስታውሷቸዋል? ጆሯቸው አይሰማም ብለው ድምፅዎን ዝቅ አላደረጉም። እማማ እያሸነፉበት የነበረውን ካርታ ምንጣፉ ላይ ጣሉና «ይሄ ሽታ እኮ የአባቴ ቤት ሽታ ነው። አምጪው፣ እራስጌዬ ስቀይው» አሉኝ። በነጋታው ብርድ ልብስና የልጅ ማዘያ የያዙ ሴቶች ግቢያችንን ሞሉት። አንዷ ሁለት፣ አንዷ አምስት ጡብ እያዘለች ሄደች፤ አጎት ቶክሱም በእጅ ጋሪ መጡ። ሜጁአችን ዛሬ በየመኝታ ክፍሉ ተበትኖ በምቾት ይደርቃል። ሶልጎል በሙሉ ይሸታል፤ እስካሁን አንድም ሰው አላማረረም።

ስለሆነም ፈረስ ቀን ሲደርስ ሜጁው ጋን እንደሚገባ አልጠራጠርም። የምለምንዎት ሸራውን አይደለም፤ እርሱን እንደ ክፈፉ እንወጣዋለን። የምለምንዎት ያን ቀን ሳይሏት የቀሩትን ዓረፍተ ነገር ነው። ለወረዳው በስልክ፣ ለእኛ ደግሞ በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ ከቆሻሻው ማስታወቂያ በፊትም ይሁን በኋላ፣ «የቦንግ የሪምን ጣሪያ ያስቀደደው በረዶው ነው፤ አትንኩ ያልኩትም እኔ ነኝ» ይበሉ። ትንፋሽ የማትጨርስ ዓረፍተ ነገር ናት። የአጎት ቶክሱ እጅም ይህን ሲሰማ ያርፋል።

ቢሉትም ባይሉትም ግን፣ ከእንግዲህ የማልቀበለውን በጽሑፍ ላስቀምጥልዎት። ስላዳንኩት ብቻ አልተጎዳም መባልን አልቀበልም። ስም እያለኝ «ይቺ ልጅ» መባልን አልቀበልም። በሚመጣው ክረምትም ማጭድ ይዤ፣ ጣሪያዬ ሲጎብጥ እያየሁ፣ የራሱን ጣሪያ አስቀድሞ ያስጠረገ ሰው እንዲፈቅድልኝ አንጋጥጬ መጠበቅን ፈጽሞ አልቀበልም።

የማይሰለቸውን ድምፅዎን በየማለዳው በአክብሮት የማዳምጥ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን የማዳምጥ ብቻ፣

ቦንግ የሪም
ከድልድዩ በላይ፣ ከሰማይ በታች፣ ጣሪያ ከሌለው ቤት

ማስታወሻ፤ ከሜጁው ከሁሉም አብልጠው የወሰዱት የእርስዎ ባለቤት ናቸው። በቤትዎ ውስጥ ደረቅና ሞቃት የሆነው ክፍል ማይክሮፎኑ ያለበት ነው ብለው ከመጋረጃው ጀርባ ሰቅለውታል። ከትናንት ጀምሮ በማስታወቂያዎ መሐል የሚያስነጥሱት በዚህ ምክንያት እንጂ ጉንፋን ይዞዎት አይደለምና አይሥጉ። ብቻ አደራዎን፣ ከወረዳ ሰው መጥቶ ፎቶ እስኪያነሳ ድረስ ምንም ነገር እንዳይነኩ።