ኒቬስ የያዘችው ወርቅ

ማርች 4
ዝናብ። የጣሊያኗ ከተማችን አኩይሌያ ጭር ብላለች፤ ቱሪስቱ ገና ነው። ከሙዚየም በጊዜ ወጥቼ ወንድሜ ኡጎ ጋ ጎራ አልኩ። ፖሌንታ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ በላን። ሚስቱ ኒቬስ አልነካችውም። የልብ ቀዶ ሕክምናዋ ተቃርቧል... ማናችንም አላነሳነውም።

ማርች 7
ኡጎ ትናንት ወይን እርሻው ውስጥ ምሰሶ ሊተክል ሲቆፍር የወርቅ ሳንቲም አገኘ። ዛሬ ከኒቬስ ተቀብሎ ጓዳ አስገብቶ አሳየኝ።
«ቅዱስ ነው አይደል? ጨረሩን አየሽው?»
አየሁት። ቀኝ እጁን ያነሳ፣ በግራው ሉል የያዘ፣ ራሱ ላይ የጨረር አክሊል... የጥንት ሮማውያን የፀሐይ አምላክ። ስንት ዓመት በመስታወት ውስጥ ሳየው የኖርኩት።
«ለኒቬስ ሰጠኋት። ቅዱስ መጣልሽ አልኳት። ከስንት ቀን በኋላ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛች እኮ፣ ኤልዳ።»
ሳንቲሙን መለስኩለት።

ማርች 8
ሕጉ ግልጽ ነው። ከመሬት የወጣ ቅርስ የመንግሥት ነው፤ ወዲያው ማስታወቅ። እኔ ደግሞ የሙዚየም ሠራተኛ። ለኡጎ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቅዱስ አለመሆኑንም።
ክንዴን ያዘኝ። «ለእሷ እንዳትነግሪያት። ከሐኪም ቤት ትውጣልኝና ራሴ አመጣዋለሁ።»
«ከሥራ ቢያባርሩኝስ?»
«ብትሞትስ?»


ማርች 12
አለቃዬን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ስለ ዝናቡ አወራሁ።

ማርች 19
ቀዶ ሕክምናው ዛሬ ነበር። ኒቬስ ከመግባቷ በፊት ሳንቲሙን በመሀረብ ጠቅልላ ኡጎ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠች። ጣቶቹን ራሷ አጠፈችለት። እስክትወጣ አልፈታቸውም።
ተርፋለች።

ማርች 22
ሐኪም ቤት ከኒቬስ ጋር ብቻችንን ሆንን። እውነቱን ልንገራት አልኩ።
«ያ ቅዱስ...»
«ራቁቱን የቆመ ቅዱስ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»
ሳቀች። ስፌቱ አመማት።
«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»
«ኡጎ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። እኔ የተኛሁ ሲመስለው እሱም ይተኛል። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማድረው።»

ማርች 27
ኡጎ ሙዚየም መጣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፤ የሰርግ ኮቱን ለብሶ። ሳንቲሙን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አኖረው።
«መቼ ተገኘ?»
ሊዋሽልኝ ሲል ቀደምኩት። ከመጀመሪያው አውቅ ነበር አልኳት።

ኤፕሪል 14
ከሳንቲም ክፍሉ አነሱኝ። ከእንግዲህ የተማሪዎች አስጎብኚ ነኝ። አልከፋኝም... ትንሽ ከፍቶኛል።
ማታ ኡጎ ቤት ራት። ኒቬስ ሁለቴ አስጨምራ በላች። ሳህን ልታነሳ ስትሄድ ኡጎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።
«እስከ ዛሬ ቅዱስ ነው የሚመስላት። አደራ፣ እንዳትነግሪያት።»
«አልነግራትም» አልኩት።