ደረጃው እንዳይዘጋ

እሑድ

ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰማንያ አንድም ሊሆን ይችላል፤ መታወቂያዬ ላይ ያለው ሱዳን ሳለን በግምት የተባለው ነው። ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ። ሸሚዜን በእጄ አጥባለሁ፣ ማሽኑ ለአንሶላ ነው። የእግሬን ጥፍር ሳይቀር ራሴ እቆርጣለሁ። መድኃኒቴን አልሳሳትም፤ ነጩ ጠዋት፣ ቢጫው ማታ። ሚስቴ ተዋበች ካረፈች አምስት ዓመት ሆናት፤ ቤቴ ግን አንድም ቀን ሳይጠረግ አላደረም።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። አማርኛውን ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ። እስራኤል ከገባን ወዲህ ግን ዕብራይስጡ፣ ከትንሽ መግባባት በቀር፣ እምቢ እንዳለኝ ቀረ።

ዛሬ የሕንጻችን በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ማኅተሙን ሳይ ደነገጥኩ። ጎረቤት ላለመጠየቅ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩትና ወደ ኩፓው፣ ወደ ሐኪም ቤቱ ወረድኩ። እዚያ የእኛ ልጅ የሆነች ጸሐፊ አለች። አነበበችልኝ። መጀመሪያ ግን «አባ አለሙ፣ ይኼን ከግድግዳ ነቅለው ነው ያመጡት? ሌላው ሰው በምን ያንብበው?» ብላ ተቆጣችኝ። ስመለስ ለጥፌዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማው ሸንጎ ረቡዕ አመሻሽ ላይ መደበኛ ስብሰባ አለው። ሰባተኛው ጉዳይ የእኛ ደረጃ ነው። ከሕንጻችን ጀርባ ወደ ታች የሚወርደውን ደረጃ ዘግተው ቦታውን ለመኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት ነው። የሚቃወም ሰው ተመዝግቦ ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል።

አርባ አንድ ደረጃ ነው። ሐኪም ቤቱ፣ ጸሎት ቤቱ፣ የምንሸምትበት ሱፐር፣ ሁሉም ከሥሩ ነው ያለው። በደረጃው አሥር ደቂቃ ይበቃኛል። በአስፋልቱ ግን ዞሮ ዳገት ነው፣ ጥላ የለውም። አንድ ቀን በበጋ ሞክሬው የማላውቀው ሰው አጥር ላይ ቁጭ ብዬ ውኃ ለመንኩ።

ልጄ ያልጋነሽ ካርሜ ጋት በሚባለው አዲስ ሠፈር፣ ከፎቆቹ አንዱ ላይ ትኖራለች። አሥራ አራተኛ ፎቅ። እሷ ጋ እንድገባ አልጋ ገዝታለች። ሰው ሳይጠየቅ አልጋ ይገዛለታል? ደረጃው ከተዘጋ ሌላ የምመልሰው የለኝም። ሄጄ አልጋው ላይ መተኛት ብቻ ነው።

ሰኞ

ኢሪያው ድረስ ሄጄ ተመዘገብኩ። የከተማው መስተዳድር ቤት ማለቴ ነው። ብቻዬን ነው የሄድኩት። በር ላይ ጠባቂው ቀበቶዬን አስፈታኝ፤ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ገባሁ።

መዝጋቢዋ ደግ ሴት ናት። አስተርጓሚ እንደሚኖር ነገረችኝ፤ ሙሉ የምትባል የእኛው ሴት ናት፣ እዚያው ትሠራለች። ቀጥላ «ከእርስዎ ሕንጻ አንድ ሰው ቀድሞ ተመዝግቧል» አለችና ስሙን አነበበች። ወርቁ።

ወርቁ ከእኔ በታች ያለው ቤት ነው የሚኖረው። ከአንድ ቀዬ ነው የወጣነው፣ ሱዳንም አብረን ነው የገባነው። በዕድሜ እበልጠዋለሁ። ዕብራይስጥ ያውቃል፤ ሠላሳ ዓመት ይቺን ከተማ ጠርጓል። አሁን ግን ሰላም አልለውም። አንድ ዓመት አልፎናል።

ምክንያቱን ልጻፈው። አምና በዝናብ ደረጃው ላይ ወደቅሁ። ያነሳኝ እሱ ነው። ጭቃዬን በራሱ መሐረብ ጠረገልኝ። ለማንም እንዳትናገር አልኩት። እሺ አለ። ገና ሳይመሽ ያልጋነሽ እያለቀሰች ደወለችልኝ። አልጋውን የገዛችው በሳምንቱ ነው።

አሁንስ ምን ሊል ነው የተመዘገበው? ሰው የሚወድቅበት ደረጃ ነው፣ ዝጉት ሊል ነው። እኔን ምስክር አድርጎ በእኔው ላይ ሊመሰክር። አውቶቡስ ውስጥ ይህን ሳስብ ሁለት ፌርማታ አለፈኝ።

ማክሰኞ

የምናገረውን አዘጋጀሁ፦

ሐኪም ቤት በወር ሁለት ጊዜ እንደምሄድ።
ሰንበት መኪና እንደማንሳፈር። ደረጃው ከሌለ ሽማግሌው ሁሉ ጸሎት ቤት እንደሚቀር።
እናቶች ልጅ በአንድ እጅ፣ ዕቃ በሌላው ይዘው በዚያ እንደሚወጡ።
ብቻዬን እንደምኖርና እንደማልቸገር። (ይኼን ልተወው ይሆን?)

ያልጋነሽ ደወለች። ከሥራ ነው፣ ከኢንዱስትሪው ሠፈር፣ የማሽኑ ጩኸት ይሰማል። «አባየ፣ ፈቃድ ጠይቄ ልምጣና እኔ ልናገርልዎ?» አለችኝ። አፌ አልተቆረጠም አልኳት። «አፍዎማ የት ይቆረጣል» ብላ ሳቀች። ሳቋ የእናቷ ነው።

ጸሎት ቤት ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። አንዱ «ነገርህን በምርቃት ጀምር፣ ሸንጎ ሳይመረቅ ጉዳይ አይነሳም» አለኝ። ይኼንንማ ማን ያስተምረኛል? ስንት ባልና ሚስት ያስታረቅሁ፣ ስንት ደም ያደረቅሁ ሰው ነኝ።

ስመለስ ደረጃው መሐል ከወርቁ ጋር ተገጣጠምን። በግድግዳው በኩል እንዳልፍ ዳር ይዞ ቆመልኝ። አለፍኩ። አላየሁትም፣ ማለቴ አይቼዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጠዋት

ሸሚዙን ተኮስኩ። ጺሜን ላጨሁ፣ አገጬን ትንሽ ቆረጠኝ። ኮት ላይ ነጠላ ልደርብ ወይስ ኮቱ ብቻ ይበቃል? እደርባለሁ።

ሐሙስ

ትናንት ስመጣ መሽቶ ስለነበር አልጻፍኩም።

አዳራሹ ብርድ ነው። በዚያ ሁሉ መብራት ላይ ማቀዝቀዣውን ለቀውታል። የሸንጎው ሰዎች እንደ ፈረስ ኮቴ በታጠፈ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ውኃ፣ ወረቀት፣ ስልክ። ሰብሳቢው መሐል ነው። ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች። ለሕፃናት የበጋ መዋያ ገንዘብ አጸደቁ። ቆሻሻ የሚነሳበትን ሰዓት ቀየሩ። ለውሾች መሮጫ ሜዳ ይከለል አይከለል ብለው ተጨቃጨቁ፣ ይኼኛው ከሁሉም ረዘመ። አንዱ ተነስቶ ሊወጣ ሲል ጎትተው አስቀመጡት። «ለውሻ መሮጫ ይኼን ያህል ካከራከራቸው ለእኛ መራመጃማ ሊያድሩ ነው» አልኳት ሙሉን። ሳቋን አፍና «አባ፣ ቀስ ይበሉ» አለችኝ።

ሰባተኛው ደረሰ። መጀመሪያ የተጠራው ወርቁ ነው። ከኋላ ብድግ ብሎ «እሳቸው ታላቄ ናቸው፣ እሳቸው ይቅደሙ» አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ስለ እኔ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው። ተነሳሁ።

ምርቃቱን ጀመርኩ። «አምላከ እስራኤል ይቺን ከተማ ይጠብቃት» አልኩ። ሙሉ ተረጎመች። አሜን እስኪሉ ቆምኩ። ዝም። አልሰሙ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። ያኔ ከኋላ አንድ ድምፅ ብቻ «አሜን» አለ። ሳልዞር አወቅሁት። የተጣላ ሰው ቢመርቅም አሜን አይነፈግም፣ ወግ ያውቃል ወርቁ።

«ከጦር ሜዳ ያሉትን ልጆች በደህና ይመልስ» አልኩ። ይኼኔ ከጠረጴዛውም ሦስት አራት ሰው አሜን አለ። ጠጉሯ የነጣ አንዲት የሸንጎ ሴት ስልኳን አስቀመጠች። ልቤ ሞቀ። የታመመውን መረቅሁ። ሥራ ፈላጊውን መረቅሁ። ዝናሙን በወቅቱ አልኩ። በየአንዳንዱ አሜን እጠብቃለሁ፣ ሙሉ ትተረጉማለች፣ ወርቁ ከኋላ ይቀበለኛል። ወደ ሸንጎው ልጆች ልሻገር ስል አንድ ነገር ጢጥ አለ።

ሰብሳቢው በትሕትና ጊዜዬ ማለቁን ነገረኝ። «ገና መች ጀመርኩ!» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ግን ሳቅ ነው። ሦስቱን ደቂቃ በምርቃት ጨርሼዋለሁ። ሐኪም ቤት አላልኩ፣ ጸሎት ቤት አላልኩ፣ ደረጃ የሚለው ቃል እንኳ ከአፌ አልወጣም። ተቀመጥኩ። አልጋው ታየኝ።

ወርቁ ወደ ፊት መጣ። በዕብራይስጥ ነው የተናገረው፤ ያልገባኝን ሙሉ ሞላችልኝ። «እኚህ አባት የመጡት ስለ ደረጃው ነው» አለ። «በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሸንጎውን ሳይመርቅ ጉዳይ አያነሳም። ምርቃቱን ተቀብላችኋል፤ ጉዳዩን እኔ ልንገራችሁ። አምና ዝናብ ላይ ወድቀው ያነሳኋቸው እኔ ነኝ።»

መጣ አልኩ በሆዴ። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እሱ ግን ቀጠለ። «ሠላሳ ዓመት ይቺን ከተማ ጠርጌያለሁ። ሰው ያልወደቀበት መንገድ አላውቅም። በወደቁ ማግሥት በዚያው ደረጃ ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ። እኔ ለልጃቸው የተናገርኩት መደገፊያ እንድታስተክልላቸው ነበር፣ ከቤታቸው እንድታወጣቸው አልነበረም። እናንተ የምትወስኑት ስለ መኪና መስሏችኋል። እኚህ ሰው በራሳቸው እግር ሄደው በራሳቸው እግር ይመለሱ አይመለሱ ነው የምትወስኑት። ብረት ትከሉበት።» ጊዜው ሳያልቅ ተቀመጠ።

ጠጉረ ነጯ ሴት ስንት ሰው እንደሚወርድበት ጠየቀች። «ዓርብ ከሰዓት በፊት መጥተሽ ቁጠሪ» አላት ወርቁ። ተከራከሩ። በመጨረሻ እጅ አወጡ፤ ከሁለት ሰው በቀር ሁሉም አወጣ። መሐንዲስ ሄዶ ይየው፣ ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ ይመለስ፣ እስከዚያ ደረጃው አይዘጋ።

አውቶቡሱ ውስጥ እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ ተቀመጥን። አንድ ፌርማታ ላይ ወረድን። ደህና እደር ማለት ፈልጌ ነበር። ጉሮሮዬን ስጠርግ እሱ በሩን ከፍቶ ገባ።

ዓርብ

የስብሰባው ቪዲዮ በየስልኩ ዞሯል። ሱፐሩ ውስጥ አንዲት ሴት «አባ፣ እኔንም ይመርቁኝ» አለችኝ። እየቀለደች መስሎኝ ነበር፤ ጎንበስ ስትል ግን መረቅኋት።

ያልጋነሽ ደወለች። ስትስቅ ቆይታ አለቀሰች። «አባየ፣ እኔ እኮ እርስዎን ላስር አይደለም። ወድቀው ብቻዎን ሲያድሩ እየታየኝ ነው።» አውቃለሁ አልኳት። «ብረቱ ከተተከለና የወደቁት ያን ጊዜ ብቻ ከሆነ አልጋውን ለእንግዳ አደርገዋለሁ። ያን ጊዜ ብቻ ነው አይደል?»

ያን ጊዜ ብቻ ነው አልኳት። ሰንበት ሊገባ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ብዙ ሰዓት ይቀረው ነበር።

እሑድ

ትናንት ሰንበት ስለሆነ አልጻፍኩም።

መሐንዲሱ ጠዋት መጣ። ወጣት ነው፣ ረጅም፣ የሜትር ገመድ ይዟል። ወርቁ ወርዶ ያስረዳው ጀመር፤ እኔም ወረድኩ። መሐንዲሱ እስቲ ደረጃውን ይውረዱ አለኝ። ወረድኩለት። ይውጡ አለኝ። ወጣሁለት፣ መሐል ላይ ግን ቆም ብዬ ተነፈስኩ። ደረጃው ለብረት መደገፊያ እንደሚሆን ነገረን። ስለ መኪና ማቆሚያው እኔ አልወስንም፣ ያየሁትን እጽፋለሁ አለ። ከዚያ እዚህ ስንት ጊዜ ወድቀዋል ብሎ ጠየቀኝ። ወርቁ ቀድሞኝ በጣቱ አንድ አሳየው። መሐንዲሱ ጻፈ። እኔም አላረምኩትም።

ያለብኝን ዕዳ ልዘርዝር። ማንም እንዲከፍልልኝ አልፈልግም።

ለወርቁ፣ የአንድ ዓመት ሰላምታ። በአንዴ አያልቅም። ነገ ጠዋት በሩን አንኳኩቼ በአንዱ እጀምራለሁ።

ለወርቁ ደግሞ፣ ይቅርታ። ሊመሰክርብኝ ነው ብዬው ነበር። ያሰብኩትን አያውቅም፣ ቢሆንም እነግረዋለሁ።

ለሙሉ፣ ምስጋና። ሰው ሲስቅ እሷ ናት ያፈረችልኝ።

ለሸንጎው፣ ጉዳዬን። ሌላ ሰው ነው የተናገረልኝ። እነሱም ከእኔው አፍ መስማት አለባቸው።

ለመሐንዲሱ፣ ሌላ አንድ ጣት።

ለያልጋነሽ፣ እውነቱን። ሁለት ጊዜ ነው የወደቅሁት። ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ዝናብም አልነበረም፣ እግሬ ነው የከዳኝ። ማንም አላየኝም። እዚያው ደረጃ ላይ ብዙ ቆይቼ ራሴ ተነሳሁ። ይኼን በስልክ አልነግራትም። በአውቶቡስ ካርሜ ጋት ድረስ እሄዳለሁ፣ እዚያ አልጋ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ እሷንም አጠገቤ አስቀምጬ እነግራታለሁ።