ከምድጃው በላይ ያሉት ብልቃጦች ይቃጠሉ

ዛሬ ማክሰኞ፣ መጋቢት ሦስት ቀን፣ በገዛ ቤቴ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ሰውነቴ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሁለቱ ልጆቼና ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። የሚጽፈው ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ነው።

ቤቱ ለወንድ ልጄ ይሁን። ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር መሰላል ተሸክሞ የመጣው እሱ ነው። አባታችሁ ሴት ልጄን ይዞ ቤተ ሙከራ ሲገባ እሱን በር ላይ ይተወው ነበር፤ እኔም እያየሁ ዝም አልኩ።

መጻሕፍቱና ማይክሮስኮፑ ለሴት ልጄ ይሁኑ። በእርሳስ የተሰመረው ያልገባኝ ቦታ ነው፤ አትሳቂብኝ።

ከምድጃው በላይ መደርደሪያው ላይ ያሉት የሻጋታ ብልቃጦች ግን ለማንም አይደሉም፤ አንድም ሳይቀር ይቃጠሉ። ውስጣቸው ያለችው አባታችሁ «ሁለተኛዋ ሚስቴ» ይላት የነበረችው ሻጋታ ናት። በቀዝቃዛ ቦታ ክር ትሸምናለች፤ የሰው ገላ ሙቀት ሲያገኛት ትሞታለች። ልጄ ለተቃጠለ ቆዳ ማብቀያ የመረጠቻት ለዚህ ነው፤ ሻጋታዋ ስትሞት ክሩ ይቀራል፣ አዲሱ ቆዳ ክሩን ተከትሎ ያድጋል።

አባታችሁ ሲሞት አደራ ያለኝ፣ ምግቧ ሲደርቅ ቆርሼ ወደ አዲስ ብልቃጥ እንዳዛውራት ነበር። የምትቀመጥበት ማቀዝቀዣ ሲበላሽ ግን ለማንም ሳልናገር ከምድጃው በላይ ደረደርኳት። ብዙዎቹ ሞቱ። እኔም ገበሬ ዘር እንደሚመርጥ፣ ሙቀቱን ችሎ ፈጥኖ ያደገውን እየለየሁ ዓመት ከዓመት አዛወርኩ። አደራ የጠበቅሁ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ምን እየመረጥኩ እንደኖርኩ የገባኝ በቅርቡ፣ ስለ እርባታ የተጻፈ መጽሐፍ ሳነብ ነው። አንዱን ብልቃጥ ትኩሳት ካለበት ገላዬ ጋር ብርድ ልብሱ ውስጥ አቆየሁት። አልሞተችም። እስከ አፉ ሞላችው።

ልጄ የምትሠራው ቤተ ሙከራው ባስቀመጠው በአባቷ የሻጋታ ዘር ስለሆነ እስካሁን የተጎዳ የለም። እኔ ካለፍኩ በኋላ ግን ማንም ይህችኛዋን እንዳይነካ።

ይህን ስናገር ልጄ አቋረጠችኝ፤ የተባባልነው ሁሉ እንዲጻፍ አዝዣለሁ።

«እማዬ፣ አባዬ እኮ ለክቶ ነው የጻፈው። በሰው ሙቀት አትኖርም።»

«የሱ አትኖርም። ይቺ የኔ ናት።»

«የቤተ ሙከራው ዘር ሞቶብን ነበር። ባለፈው ስመጣ ከመደርደሪያው አንድ ብልቃጥ ወስጃለሁ። ያው የአባዬ ናት ብዬ።»

ወንድሟ «አንቺ ደግሞ ሳትጠይቂ ማንሳት አመልሽ ነው» አላት፤ መቀለዱ ነበር። አልሳቀችም።

«የት አደረግሻት?» አልኳት።

«አንድ በያጅ አለ፣ እሳት የበላው። ደረቱን በሷ ክር አልብሰነዋል። ትናንት ትኩሳት ጀመረው ብለው ከሆስፒታል ደውለውልኝ ነበር። የቁስሉ ነው፣ ይበርዳል አልኳቸው።»

«ተነሺ። አሁኑኑ ከላዩ ይነሣለት።»

ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ወጣች።

የቀረውን ዕቃ ተስማምተው ይከፋፈሉ። ጽሑፉ ተነብቦልኝ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

አንደኛ ምስክር፦ ጎረቤቴ ነርሷ፣ ፈርማለች።
ሁለተኛ ምስክር፦ ልብስ ሰፊው፣ ፈርሟል።
ወራሽ ወንድ ልጅ፦ ሰምቶ ፈርሟል።
ወራሽ ሴት ልጅ፦ ጽሑፉ ሳያልቅ ወደ ሆስፒታል በመሄዷ አልፈረመችም። እስኪመሽ ተጠብቃ አልተመለሰችም፤ ስልክም አታነሣም።