ያልተወለደ ልጅ ልብስ

ሰኞ፣ ሰኔ 7 ቀን 2013፣ ካንሳንጋ

"አንድም ጨርቅ እዚህ ቤት አይገባም" አለች አክስቴ አስካለ። ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ እስከ ዛሬ ድምጿን ከፍ አድርጋብኝ አታውቅም። ጠቡ የተነሳው ከክሊኒክ ይዤው በመጣሁት ወረቀት ነው። እዚህ አገር ወላድ ዕቃዋን ራሷ ይዛ ነው የምትሄደው፦ ጓንት፣ ጥጥ፣ አልጋ ላይ የሚነጠፍ ላስቲክ፣ ምላጭ፣ ሳሙና፣ የሕፃን ልብስ። ነርሷ በሚቀጥለው ሳምንት አሟልቼ እንዳሳያት አዝዛኛለች። ወሬው ደግሞ ከተማው በኮሮና እንደገና ሊዘጋ ነው የሚል ነው። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሱቆችም አይቀርላቸውም ይላሉ።

ጓንቱም ጥጡም ይግባ ተባለ። ልብስ ግን ልጁ ሳይወለድ አይገዛም። ለምን ስላት "አይደረግማ" አለችና ዘጋችው። እኔ ደግሞ አይደረግም የተባለ ነገር ከየት እንደመጣ ካላወቅሁ ያመኛል። አገር ቤት ሳለሁ ታሪክ አስተምር ነበር፤ ጣጣው ይሄ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 8

አክስቴን ስነዘንዛት ዋልኩ። ያገኘሁት ይሄ ነው፦ ማታ ቤት አይጠረግም። ማታ ጥፍር አይቆረጥም። ማታ ለጎረቤት መርፌ አይሰጥም።

ሦስቱንም የፈታኋቸው መሰለኝ። የኩራዝ ዘመን ነገር ናቸው። በዚያ ጭላንጭል ብትጠርጊ የወደቀ ጉትቻ አብሮ ይወጣል፣ ጥፍር ስትቆርጪ ጣትሽን ታደሚያለሽ፣ መርፌ ከወደቀ እግር ይወጋል። መብራት ገባ፤ ክልከላው ግን እንዳለ ነው። ማስረጃ የለኝም፣ ግምቴ ነው።

ባለቤቴ ዳዊት ከዋንዴገያ፣ ስልክ ከሚጠግንበት ሱቅ ሲመለስ ነገርኩት። "የልብሱስ?" አለኝ። ልብስና ኩራዝ ምን ያገናኛቸዋል? ታዲያ አክስቴን አንተ አናግርልኝ ስለው እኔ በእናንተ መሃል አልገባም ብሎ ሹልክ አለ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 9

ጎረቤቴን ማማ ብራያንን ጠየቅኋት። እዚህ እናትን በልጇ ስም ነው የሚጠሯት። ልብስ እያጠበች ነበር። የእሷም አያት ቀድመሽ አትግዢ ትል ነበር አለችኝ። ታዲያ መቼ ቀረ ስላት፣ ክሊኒኮች ወረቀቱን ማዘዝ ሲጀምሩ አለች። ባዶ እጅሽን ከሄድሽ ነርሷ ትጮህብሻለች፤ ከነርስ ደግሞ ክፉ መንፈስ ይሻላል። በሳቅ ስንፈራገጥ ልጁም ከውስጥ ሲራገጥ ተሰማኝ።

እንዴት እንደቀረ አወቅሁ ማለት ነው። እንዴት እንደመጣ ግን እሷም አታውቅም። ዓይን እንዳይገባው ይሆናል አለች። ቤት ገብቼ ለአክስቴ ይህንኑ ስነግራት "የምን ዓይን አመጣሽ?" ብላ ተቆጣችኝ። ፊቷን አይቼ ተውኩት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 10

ዛሬ ራሷ ነገረችኝ። ማቶኬ፣ እዚህ የሚቀቀለውን አረንጓዴ ሙዝ፣ እየላጠች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። የመጀመሪያዋን ስታረግዝ እናቷ አትስፊ ብላት ሳለ አራት ልብስ ሰፍታ ነበር። ልጁ አንድ ቀን ብቻ አደረ። ሰው ሊያጽናናት ሲመጣ ልብሶቹ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀሉ ናቸው። "እናቴ ማንሳት አቃታት። እኔው ነኝ አውርጄ ያጣጠፍኳቸው። እነሱ ባይኖሩ፣ ያን ማጠፍ እንኳ ይቀርልኝ ነበር።"

የወለደችው ሦስት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አራት ናቸው።

ከየት እንደመጣ ይኸው አገኘሁት። ልጅ እየተወለደ በማይተርፍበት ጊዜ ስንቷ ሴት አጣጥፋ ይሆን፣ ለልጇ አትግዢ ያለችው? ምክንያቱን መናገር ስለሚከብድ አይደረግም ብቻ ብለው አለፉት። እኔ ደግሞ እንደ ፈተና ጥያቄ ስጨቀጭቃት ሰነበትኩ። አፈርኩ። እስከ ዛሬ መውለድ አልፈራሁም ነበር፤ አሁን ፈራሁ።

ልብሱ ይቅር፣ በፎጣ እንጠቀልለዋለን አልኳት።

አርብ፣ ሰኔ 11

ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ቆማለች። "ተነሽ፣ ሱቁ ሳይዘጋ።" ፕሬዚዳንቱ ዛሬ ይናገራሉ ተብሏል። ዕቃው ማማ ብራያን ቤት ይቀመጣል አለች። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ እግዜር ይወቀው።

ቦዳ ሞተር ይንጥሻል ብላ በእግር ወሰደችኝ። ሁለት ኮፍያ፣ ሦስት ልብስ፣ አንዲት ትንሽ ብርድ ልብስ። እሷ አንዱንም አልነካችም፤ መራጩ እኔ፣ ፌስታል ውስጥ የሚከተው ባለሱቁ። ከወጣን በኋላ ተመልሳ ገባችና አንድ ቢጫ ሹራብ አነሳች። ለአራስ ይሰፋዋል አልኳት። "አውቃለሁ። የዓመት ልጅ ልብስ ነው" አለች።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 12

ተዘጋ። መኪና የለም፣ ቦዳ ሰው አይጭንም። ምጥ ቢመጣ በምን እንደምሄድ አላውቅም፤ ዳዊት መኪና ያለው ሰው በስልክ እያፈላለገ ነው።

ጠዋት ማማ ብራያን ቤት ሄጄ ቦርሳውን ፈተሽኩ። ሁሉም አለ፣ ሹራቡ የለም። ስመለስ አልጋዬ ራስጌ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

"አንድም ጨርቅ አይገባም አላልሽም?" አልኳት።

"ያልኩት የአራስ ልብስ ነው" አለች፣ ምንም እንዳልሆነ እጅጌውን እያስተካከለች።

ይሄኛው ደንብ ከየት እንደመጣ አልጠየቅኋትም።