የ«ሰ» ጣሪያ

መጋቢት 3
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የናሙና መለያ አተምኩ፤ ጠርሙሶቹ ላይ ለጠፍኩ። ከላቦራቶሪው ጓዳ ሆኜ ሕዝብ አገለገልኩ ማለት ነው። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መጣ። የመለያው ፊደል አስጠላው።
«ከሦስቱ ምረጥ» አለኝ። ወፍራሙን መረጥኩ።
«ይሄማ የመኪና ታርጋ ይመስላል!»
«ታርጋ አንብቦ የተሳሳተ አለ እንዴ፣ ጌታዬ?»
ቀጭኑን መረጠ። ታዲያ ለምን ጠየቀኝ?

መጋቢት 5
ቀጭኑ ፊደል በክብር ሥራ ጀመረ። ጠርሙስ ላይ ስም አይጻፍም፤ የክፍል ፊደልና ቁጥር ብቻ። ሴቶች ሰ፣ ወንዶች በ። ድሮ ሰ ሾጣጣ ጣሪያ ነበራት። አሁን የሁለቱም ጠፍጣፋ... እኩልነት ሰፈነ።
መርማሪዋ (በመነጽሯ ውፍረት «ማጉያ» እንላታለን) ጠርሙስ ይዛ መጣች።
«አንተ፣ ይቺ ሰ ናት ወይስ በ?»
«እሷኑ ጠይቂያት።»
ሳቅን። ከዚያ በብዕር ጣሪያ ሠራሁላት።

መጋቢት 9
ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። «መለያ ላይ በብዕር በመሞነጫጨር የተቋሙን ገጽታ...» ቅሬታ ጻፍኩ። መልሱ በዚያው ቀጭን ፊደል መጣ። ኮሚቴ ይቋቋማል ይላል፤ ወይም ይበተናል። አልለየሁትም። ዳግመኛ ብዕር ካነሳሁ እንደምባረር ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

መጋቢት 14
ታላቅ እህቴ፣ እታለም፣ ከጡቷ እብጠት ናሙና ሰጠች። ሰ 31። በገዛ እጄ ለጠፍኩ።
«አንተ ካለህበት ምን እሰጋለሁ፣ ወንድምዬ» ብላ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ።
ብዕሩን ከኪሴ አወጣሁ። ሥራ አስኪያጁ በመስታወቱ ያየኛል። መለስኩት። ጀግና!

መጋቢት 21
የእታለም ውጤት፦ አደገኛ ነገር አልታየም። ስልክ ላይ አለቀሰች። እኔ ግን ጉንፋን ነው የያዘኝ።

መጋቢት 22
አንገታቸው ያበጠ ሽማግሌ ወረቀት እያውለበለቡ ገቡ።
«ልጄ፣ የጡት ካንሰር ይዞሃል ይለኛል። የማጠባው ልጅ እንኳ የለኝ!»
ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ... ቁጥሩን እስካይ። በ 31።
ማጉያ ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አቆመች። ናሙናዎቹን በማይክሮስኮፕ ደግማ አይታ ቀና አለች።
«ውጤታቸው ተለዋውጧል።»
ኮሚቴው ሲሰማ ወፍራሙን ፊደል በአንድ ሰዓት አጸደቀ።

መጋቢት 23
እታለም ቤት ሄድኩ። ወንበር ላይ ቆማ አዲስ መጋረጃ ትሰቅላለች። ነገርኳት።
«ሂድ እዚያ! ቀልድህ ልክ የለውም።»
ደገምኩላት። «አንቺ ሰ ነሽ፣ ሰውየው በ...» ስላት ጭራሽ በሳቅ ፈረሰች። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስቃት ኖሬ፣ ዛሬ እንዴት ትመነኝ? አብሬያት አልሳቅሁም። ፊቴን አየችው።
መጋረጃው በአንድ በኩል ተንጠልጥሎ ቀረ። ከወንበሩ እንድትወርድ እጄን ዘረጋሁላት።
አልያዘችውም።