የላፍቶ ቡርቃ ጣቢያ ርክክብ

መጋቢት 4

ለአባባ ስኳር፣ የባትሪ ድንጋይና የግፊት መድኃኒታቸውን ይዤ ላፍቶ ቡርቃ ሄድኩ። ከአዳማ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ። አቧራ ጠግቤ ደረስኩ። አባባ የባቡር ጣቢያውን መሳፈሪያ እየጠረጉ ነበር። ባቡሩ ከቀረ ስንት ዓመቱ... ማን ይሳፈርበት ብለው ይሆን? አልጠየቅኩም።

የጣቢያው ግድግዳ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ አየሁ። «ቀለም ቀቢዎች መጥተው ነበር። ሥራውን ሳይጨርሱ ሄዱ» አሉኝ። የሚፈርስ ቤት ምልክት መሆኑን አልነገርኳቸውም።

መጋቢት 7

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አስፈቅጄ የመንግሥት ቢሮ ስመላለስ ዋልኩ። ቦታው ለመጋዘን ተሰጥቷል። ሚያዝያ 10 ይፈርሳል። አባባስ? ወረቀቱ ላይ «ሕገወጥ ነዋሪ» ናቸው። አርባ አንድ ዓመት ሼፍ፣ ማለት የጣቢያ አለቃ፣ ሆነው የሠሩበት ጣቢያ፣ እኔ የተወለድኩበት ቤት! በሰማንያ አራት ዓመታቸው ከዚያ ቢወጡ አንድ ወር አይቆዩም። አውቃቸዋለሁ።

ፈውዚያ የምትባል የቅርስ ባለሙያ አዘነችልኝ። ጣቢያው ከተመዘገበ አይነካም፣ አባባም ጠባቂ ተብለው እዚያው ይኖራሉ። «ታሪኩን ጻፊና የጣቢያውን ዋና መዝገብ ይዘሽ ነይ። ፎቶኮፒ አንቀበልም።»

መጋቢት 12

ታሪክ መጻፍ ጀመርኩ። የአባባን ጎረቤት ኦቦ ጫምሳን ጠየቅኳቸው።

«አካም፣ ኢንታላ መርዳሳ፣ የመርዳሳ ልጅ! ይሄ ሁሉ ሜዳ ግራር ነበር። አባቴ ለባቡሩ እሳት እንጨት ሲቆርጥ ኖረ። የናፍጣው ባቡር ሲመጣ እኛ ደግሞ ከሰል ጫንን። አባትሽ እየቆጠረ ይመዘግብ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ለሽማግሌ ጥላ የሚሆን ጠፋ። ጣቢያሽ ጫካችንን በልቶ ነው ያደገው። እሱንም ጻፊ።»

ጻፍኩት። እውነት ነው፣ ምን ላድርግ?

መጋቢት 13

መዝገቦቹ በብረት ሣጥን ውስጥ አሉ። ሁሉም! ከመጀመሪያው የግራር ጭነት ጀምሮ። ደስ ብሎኝ ልጮህ ነበር።

«ትእዛዝ ይዘሻል?» አሉኝ አባባ።

«የምን ትእዛዝ?»

«የዋናው መሥሪያ ቤት። ያለ ትእዛዝ መዝገብ ከጣቢያ አይወጣም።»

«አባባ፣ የባቡር ኩባንያው እኮ ዛሬ የለም።»

«ታዲያ ማን ላከሽ?»

መጋቢት 26

ለመንኩ። ተቆጣሁ። አለቀስኩ። ቤቱ ሊፈርስ ነው አልኳቸው፤ «ያለ ትእዛዝ ማን ያፈርሰዋል?» አሉኝ። የሣጥኑ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነው። ድንጋይ! አሥራ አራት ቀን ቀረኝ።

ሚያዝያ 2

አደረግኩት። ማኅተም አስቀረጽኩ። በኩባንያው ስም ደብዳቤ ጻፍኩ፦ «የጣቢያውን መዝገቦች ለደብዳቤው አምጪ ያስረክቡ።» ተማሪ ሲኮርጅ ስቀጣ የኖርኩት እኔ ሚልካ... ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ። ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ?

ሚያዝያ 3

አባባ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ኮታቸውን ለበሱ። ቆመው ፈረሙ፣ እኔንም አስፈረሙኝ። መዝገቦቹን ሰጡኝ። ከዚያ ደወሉን፣ ፋኖሱን፣ ባንዲራዎቹን፣ የየክፍሉን ቁልፍ...

«ይሄ ሁሉ ለምን አባባ?»

«ርክክብ ነዋ።»

ፍራሻቸውን መጠቅለል ጀመሩ። «ያስረከበ ሼፍ በጣቢያው ቤት አያድርም። ደንብ ነው።»

ለካ መዝገብ ማስረከብ ጣቢያውን ማስረከብ ነው! የባቡር ልጅ ሆኜ እንዴት ይሄን አላወቅኩም? ባጃጁ ውስጥ አንዴም ወደ ኋላ አልዞሩም። እኔ ነኝ ስዞር የነበርኩት። መዝገቦቹን በመንገዳችን ለፈውዚያ አስረከብኩ።

ሚያዝያ 9

እኔ ቤት ናቸው፤ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቀመጣሉ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሻይ ብቻ ነው የቀመሱት።

ፈውዚያ ደወለች። ተሳካ! ጣቢያው አይፈርስም። እየሮጥኩ ነገርኳቸው። «ቤትዎ ተረፈ፣ እንመለስ!»

«አዲሱ ሼፍ ገባ?» አሉኝ።

ሚያዝያ 12

ኮታቸው ሰፋቸው። ሐኪሙ በሽታ አላገኘሁም አለ። እኔ ግን በሽታውን አውቀዋለሁ... በእጄ የጻፍኩት ነው።

ሚያዝያ 14

ነገርኳቸው። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ፣ ሁሉንም። ደብዳቤውም ማኅተሙም የኔ ነው፣ አዲስ ሼፍ የለም፣ ማንም ከሥራ አላነሳዎትም፣ ዛሬውኑ እንሂድ አልኳቸው። ይመቱኛል ብዬ ነበር። ምነው በመቱኝ!

ኮታቸውን ቆለፉ።

«እንግዲያው ያለ ትእዛዝ ነው ቦታዬን ጥዬ የወጣሁት።»

«አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው...»

«ፊርማው የኔ ነው።»

ወረቀት ጠየቁኝ። ሲጽፉ ዋሉ። ስለ እኔ አንድ ቃል የለበትም። «እኔ የላፍቶ ቡርቃ ጣቢያ ሼፍ መርዳሳ፣ ሚያዝያ 3 ቀን ትእዛዝ ሳይደርሰኝ ጣቢያዬን ጥዬ ስለ ወጣሁ የሚገባኝ ቅጣት እንዲወሰንብኝ አመለክታለሁ።» ውሳኔው ሳይመጣ ጣቢያውን አልረግጥም አሉ።

አጥፈው ፖስታ ውስጥ ከተቱት። የዋናውን መሥሪያ ቤት አድራሻ እኔ እንድጽፍላቸው ሰጡኝ። ይኸው፣ ብዕሩን ይዣለሁ። ከፊቴ ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነው።

ለማን ብዬ ልጻፍ?